የኮሌጅን የስፖርት ታሪክና ወግ በፖድካስት መተረክ፦ ለተማሪ አዘጋጆች ዝርዝር መመሪያ

ኮሌጆች የስፖርት ታሪካቸውን የሚያኖሩት በአብዛኛው በዋንጫ መደርደሪያ፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀሉ የቡድን ፎቶግራፎችና በስታዲየም በር ላይ በተቀረጹ ስሞች ነው። እነዚህ ሁሉ ማን እንዳሸነፈ ይነግሩናል፤ ማን ከቡድኑ ውጪ እንደቀረ፣ ልምምዱ በምን ሁኔታ ይካሄድ እንደነበረ፣ ዛሬ ሺህ ደጋፊ በአንድ ድምፅ የሚያሰማውን ዝማሬ መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ይህን ለማወቅ ወረቀት መግለጥና ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም ከተማሪ የተሻለ የሚመች ሰው የለም። ቤተ መዛግብቱ በግቢው ውስጥ ነው፤ የቀድሞ ስፖርተኞችም ለራሳቸው ኮሌጅ ተማሪ በራቸውን በደስታ ይከፍታሉ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ክፍሎች ያሉት ፖድካስት ለማዘጋጀት ለሚያስቡ ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት የኮሌጅ ስፖርት ረጅምና በሚገባ የተመዘገበ ታሪክ ካለባት ከአሜሪካ ሲሆን፣ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከመነሻው አንድ አቋም ይዣለሁ፤ ኮሌጁንና ቡድኑን የሚወድ ተማሪ ፍቅሩን በተሻለ መንገድ የሚገልጸው በማወደስ ሳይሆን በመመርመር ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ አቋም የሚነሡ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ጥያቄውን ማጥበብ

«የኮሌጃችን የስፖርት ታሪክ» የሚለው ርዕስ በአሥር ክፍልም ተተርኮ አያልቅም። አንድ ክፍል የሚያስፈልገው ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ያውም በ20 ደቂቃ ውስጥ ሊመለስ የሚችል፣ ቢያንስ አንድ የጽሑፍ ማስረጃና አንድ በሕይወት ያለ ሰው በጋራ የሚመልሱት ጥያቄ። ማስረጃው ወረቀት ብቻ ከሆነ ክፍሉ ወደ ንባብ ያዘነብላል፤ የሰው ትዝታ ብቻ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ከስሕተቱ መለየት አይቻልም። ጉዳዩ ምስክር በሕይወት ከሌለበት ዘመን የመጣ ከሆነ፣ የጉዳዩን ፈለግ ዛሬ የሚኖር ሰው ፈልጉ፤ ለምሳሌ በዚያው ሜዳ ዛሬ የምትጫወት ተማሪ።

ጥያቄው እንዴት እንደሚጠብ በአንድ ታዋቂ ታሪክ እንመልከት። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጄሲ ኦውንስ ሜይ 25 ቀን 1935 በአን አርበር ከተማ በተካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሮ አራተኛውን አቻ ወጣ። «ያን ቀን ስንት ክብረ ወሰን ሰበረ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ያልቃል። «ያን ሰሞን የት ያድር ነበር?» የሚለው ግን ብዙ በር ይከፍታል፤ ምክንያቱም ጥቁር ተማሪ በመሆኑ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት መኖር ስላልተፈቀደለት ከግቢ ውጪ ከሌሎች ጥቁር ስፖርተኞች ጋር ይኖር ነበር። በእናንተም ኮሌጅ እያንዳንዱ ክብረ ወሰን ከጀርባው እንዲህ ያለ የማደሪያ፣ የመብል፣ የጉዞና የልምምድ ታሪክ አለው። ጥያቄያችሁን ከዚያ አካባቢ ፈልጉ።

ጥያቄው ሲገኝ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ለማን ያስፈልጋል፣ የትኛው ሰነድ ይመልሰዋል፣ ማን ሊናገር ይችላል፣ አድማጩ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማል። በአንዱ ላይ እንኳ የምትጽፉት ካጣችሁ ሌላ ጥያቄ ምረጡ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሥራውን መከፋፈልና ፈቃድ ማግኘት

ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች ይበቃሉ። አንዱ መዛግብትን ይመረምራል፣ አንዱ ቃለ መጠይቁን ይመራል፣ አንዱ ቀረጻውንና አርትዖቱን ይይዛል፣ አንዱ ስክሪፕቱን ይጽፋል። ሥራዎቹ ቢደራረቡ ችግር የለውም፤ መደራረብ የሌለበት አንድ ብቻ ነው፦ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው የራሱን ጽሑፍ እውነትነት አጣሪ መሆን የለበትም። የኮሌጁን የስፖርት ክፍልና የቤተ መዛግብቱን ኃላፊ ገና በጅምሩ አነጋግሩ፤ የይዘቱ ውሳኔ የእናንተ መሆኑንም በትሕትና ነገር ግን በግልጽ አስረዱ። የስፖርት ክፍሉ የማስታወቂያ ሥራ እንዲሆንለት ሊፈልግ ይችላል፤ ይህ ልዩነት ቀደም ብሎ ቢነሣ ለሁሉም ይበጃል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ መዛግብትን መመርመር

አብዛኛው ተማሪ በኢንተርኔት ፍለጋ ጀምሮ በዚያው ይጨርሳል። በኮሌጅ ስፖርት ረገድ ግን ዋናው ሀብት ያለው በወረቀት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ። ጄምስ ናይስሚዝ በዲሴምበር 1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር ያወጣቸው 13 ሕጎች በጃንዋሪ 1892 የታተሙት ትራያንግል በተባለው የዚያው ትምህርት ቤት ጋዜጣ ላይ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዘወተር ስፖርት የመጀመሪያ ሰነዱ የትምህርት ቤት ጋዜጣ ነው ማለት ነው። የእናንተም ኮሌጅ ጋዜጣ ማንም ትኩረት ሳይሰጠው የቆየ ዜና ይዞ ሊሆን ይችላል።

ከጋዜጣው ቀጥሎ የምረቃ መጽሔቶችን፣ በጨዋታ ቀን ለተመልካች ይታደሉ የነበሩ የፕሮግራም መጽሔቶችን፣ የአሠልጣኞችን ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎችን ተመልከቱ። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው የስፖርት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤና የዓመት በጀት ነው። ጋዜጣው ስሜቱን ይነግራችኋል፤ ቃለ ጉባኤው ግን ማን ምን እንደጠየቀና ማን እንደከለከለ ያሳያል፤ በጀቱ ደግሞ ለወንዶቹ ቡድን ስንት፣ ለሴቶቹ ስንት እንደተመደበ ያለ ምንም ማስዋብ ይዘረዝራል። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች የአንድን ክፍል ታሪክ ሙሉ በሙሉ ሊሸከሙ ይችላሉ።

የሴቶችን ስፖርት የምትመረምሩ ከሆነ ልትዘነጉት የማይገባ ነገር አለ። ኤንሲኤኤ በሚል ምህፃር የሚታወቀው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ለሴቶች የብሔራዊ ሻምፒዮና ውድድር ማዘጋጀት የጀመረው በ1981 እና 1982 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1971 ጀምሮ፣ የሴቶችን ውድድር ይመራ የነበረው ኤአይኤደብሊው የተባለ ሌላ ማኅበር ሲሆን፣ እርሱም በ1982 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ የ1975ቱን የሴቶች ቡድን ውጤት በኤንሲኤኤ መዝገብ ፈልጎ ያጣ ተማሪ «ቡድኑ ያኔ አልነበረም» ብሎ ቢደመድም ትልቅ ስሕተት ይሠራል። መዝገቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የድሮ ውጤቶችንም በዛሬ ሕግ አታንብቡ። ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ያሸነፈበት ግጥሚያ የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ዛሬ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ) መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ወገን 25 ተጫዋቾች ተሰልፈው ነበር፣ ኳሱንም ይዞ መሮጥ አይፈቀድም ነበር። ይህን ሳታስረዱ «6 ለ 4» ብትሉ አድማጩ በአእምሮው የሚስለው ጨዋታ ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም። ውጤት ስትጠቅሱ የዘመኑን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ግለጹ።

ወደ ቤተ መዛግብት ስትሄዱ ቀጠሮ ያዙ፣ ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከእስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ያዙ። ባለሙያውን «ስለ ስፖርት ያላችሁን ሁሉ አሳዩን» ከማለት ይልቅ «ከ1968 እስከ 1974 ያለውን የስፖርት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ማየት እንፈልጋለን» ብትሉ ሥራው ለሁለታችሁም ይቀላል። ፎቶ የምታነሡትን እያንዳንዱን ገጽ የሣጥኑና የማኅደሩ ቁጥር ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጋር አብራችሁ አንሡ፤ ከወር በኋላ ያ ገጽ ከየት እንደመጣ ማስታወስ አይቻልም። ያገኛችሁትን ሁሉ በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሩ፦ ክስተቱ፣ ቀኑ፣ ምንጩ፣ የሣጥን ቁጥሩ፣ ያነበበው ሰው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫው። ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌለው ነገር በክፍሉ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ እውነት አይነገርም። ለጨዋታ ውጤት ከሁሉ የሚሻለው ማረጋገጫ የተጋጣሚው ኮሌጅ ጋዜጣ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ወጉን መፈተሽ

«ከጥንት ጀምሮ» የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር ምርመራችሁን አጠናክሩ። እያንዳንዱ ወግ የተጀመረበት ቀን አለው፤ ብዙ ጊዜም ከሚታሰበው በጣም የቀረበ ነው። ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ ወጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተጠቀሰው መቼ ነው? ማን፣ ለምን ጀመረው? በዚያን ጊዜስ ከወጉ ውጪ የነበረው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ ሁሉ የላቀው እርሱ ነው።

ምንጮች እንዴት እንደሚጋጩ ለማየት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሊ) እና የስታንፎርድን ፉክክር የሚያህል ትምህርት ሰጪ ምሳሌ አላውቅም። ሁለቱ በየዓመቱ ለፉትቦል ጨዋታቸው የሚፎካከሩበት ሽልማት አንድ መጥረቢያ ነው። መጥረቢያው በ1899 በስታንፎርድ ደጋፊዎች ዘንድ ብቅ ብሎ ወዲያው በበርክሊ ተማሪዎች ተሰረቀ፤ በ1930 የስታንፎርድ ተማሪዎች መልሰው ወሰዱት፤ ከ1933 ጀምሮ ደግሞ ለአሸናፊው የሚሰጥ ሽልማት ሆነ። ኖቬምበር 20 ቀን 1982 በተካሄደው ጨዋታ በርክሊ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች፣ የስታንፎርድ የሙዚቃ ጓድ ጨዋታው ያለቀ መስሎት ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ኳሷን አምስት ጊዜ ተቀባብሎ ነጥብ አስቆጠረና 25 ለ 20 አሸነፈ። ይፋዊው ውጤት ይህ ነው። ስታንፎርድ ግን መጥረቢያው በእጁ በገባ ቁጥር መጥረቢያው በተሰቀለበት ሰሌዳ ላይ የተቀረጸውን የዚያን ጨዋታ ውጤት 20 ለ 19 ብሎ ይቀይረዋል፤ በርክሊም ሲያስመልሰው እንደገና ያስተካክለዋል። ከጨዋታው ጥቂት ቀናት በኋላም የስታንፎርድ ተማሪዎች የበርክሊን የተማሪዎች ጋዜጣ አስመስለው አትመው፣ ድሉ ለስታንፎርድ እንደተሰጠ የሚገልጽ የሐሰት ዜና በበርክሊ ግቢ አሰራጭተዋል።

አንድ ተማሪ ከዓመታት በኋላ ያን የሐሰት ጋዜጣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢያገኘው፣ ወይም ሰሌዳውን በስታንፎርድ ተራ ፎቶ ቢያነሣው፣ በእጁ ያለው የታተመና የተቀረጸ ማስረጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሕተት ነው። ለዚህ ነው ጥንታዊነቱ ወይም በብረት ላይ መቀረጹ ብቻውን ማረጋገጫ የማይሆነው። በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ግጭት ራሱ ለፖድካስት የሚመኙት ይዘት ነው፤ ሁለቱንም ወገን አቅርባችሁ የትኛው ውጤት ይፋዊ እንደሆነና ለምን እንደሚለያዩ ለአድማጩ አስረዱ።

የአጀማመር ታሪኮችን ስትተርኩ ተራኪው ማን እንደሆነ ግለጹ። የመስማት ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች የተቋቋመው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ፣ የፉትቦል ተጫዋቾች ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት ክብ ሠርተው የሚመካከሩበት ልማድ በ1890ዎቹ በራሱ ተማሪዎች እንደተጀመረ ይተርካል፤ ምክንያቱም ተጋጣሚው በምልክት ቋንቋ የሚሰጠውን ትእዛዝ እንዳያይ መሸፈን አስፈልጎ ነበር። «ዩኒቨርሲቲው እንደሚተርከው» የሚለው አጭር ሐረግ ታሪኩን አያደበዝዘውም፤ አድማጩ እምነቱን በምን ላይ እንደሚጥል ያውቃል።

አንዳንድ ወግ ደግሞ የቆመበትን ምክንያት መጠየቅ ይኖርባችኋል። ስታንፎርድ በ1972፣ ዳርትመዝ በ1974 የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች እንደ ቡድን መለያ መጠቀም ትተዋል። ኮሌጃችሁ መለያውን፣ ዝማሬውን ወይም የአዲስ ተጫዋቾች አቀባበል ሥርዓቱን ለውጦ ከሆነ፣ ለውጡን የጠየቁትንም የተቃወሙትንም ፈልጉና በራሳቸው ቃል አሰሙ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ቃለ መጠይቁ

የፖድካስቱ ልብ ይህ ነው፤ ለዝግጅቱ ከየትኛውም እርምጃ የበለጠ ጊዜ ስጡት። እንግዳውን በደብዳቤ ወይም በስልክ ስታገኙት ማን እንደሆናችሁ፣ ስለ ምን መጠየቅ እንደምትፈልጉ፣ ቅጂው የት እንደሚወጣና የት እንደሚቀመጥ ግለጹ። የሚነሡትን ጉዳዮች አስቀድማችሁ ላኩ፤ ጥያቄዎቹን ቃል በቃል ግን አትላኩ፣ አለዚያ እንግዳው መልሱን በቃሉ አጥንቶ ይጠብቃችኋል። የፈቃድ ቅጹ በቀላል ቋንቋ ይጻፍ፤ እንግዳው ከቃለ መጠይቁ በኋላም የማይወጣለትን ክፍል የመለየት መብት እንዳለው ይግለጽ። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የእንግዳውን ስም ተናገሩ፤ ፈቃዱንም በድምፅ አስደግሙ።

ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጡ እንግዶችን ያለ ማሰለስ አንቱ በሏቸው፤ በምን ስም ወይም ማዕረግ መጠራት እንደሚወዱም ጠይቁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አታስቀምጧቸው። የሚቻል ከሆነ የቡድናቸውን ፎቶግራፍ ወይም የድሮ የጨዋታ ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው ወረቀት በእጁ ሲይዝ ትዝታው ከዓመተ ምሕረት ወደ ፊትና ወደ ስም ይወርዳል።

የጥያቄ አቀራረብ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። «በ1970ዎቹ የሴቶች ስፖርት ምን ይመስል ነበር?» ተብላ የተጠየቀች የቀድሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች «ከባድ ነበር፣ ግን እንወደው ነበር» ብላ ትመልሳለች፤ መልሱ እውነት ነው፣ አድማጩ ግን የሚይዘው ነገር የለውም። በምትኩ ፎቶግራፉን አቅርባችሁ «እዚህ የለበሱትን ማልያ ከየት አገኙት? ከጨዋታ በኋላ ማን ያጥበው ነበር?» ብትሏት፣ ማልያው የወንዶቹ ቡድን ጥሎት የነበረ መሆኑን ወይም ቁጥሩን ራሳቸው በእጃቸው እንደሰፉት ልትነግራችሁ ትችላለች። «ወደ ውድድር ስትሄዱ በምን ትጓዙ ነበር? አውቶቡሱ ውስጥ ማን የት ይቀመጥ ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። ጥያቄው በእጅ ወደሚዳሰስ ነገር ሲወርድ መልሱም አብሮት ይወርዳል።

ይህ የአጠያየቅ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ራሱ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ዝርዝር ውስጥ ነው። በትምህርት ተቋማት የፆታ መድልዎን የከለከለው ታይትል ናይን የተባለው የአሜሪካ ሕግ የጸደቀው ጁን 23 ቀን 1972 ነው። ሆኖም የዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች ከልምምድ በኋላ ገላቸውን የሚታጠቡበት ቦታ ስላልነበራቸው፣ ወንዶቹ ታጥበው እስኪጨርሱ ድረስ ራሰው፣ በብርድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። ማርች 3 ቀን 1976 ከካፒቴናቸው ክሪስ ኧርንስት ጋር 19 ሆነው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሴቶች ስፖርት ኃላፊ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ፤ በሰውነታቸው ላይ የሕጉን ስም ጽፈው ነበር፤ አቤቱታቸውንም አነበቡ። ስለ ሕጉ ብቻ የጠየቀ ሰው የሕጉን ታሪክ ያገኛል፤ ስለ ገላ መታጠቢያው የጠየቀ ሰው ግን ሕጉ ለምን በወረቀት ላይ ብቻ እንደቀረ ይረዳል።

እንግዳው ዝም ሲል ለመሙላት አትቸኩሉ፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የክፍሉ ምርጥ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። እንግዳው ቀን ወይም ውጤት ቢያሳስት እዚያው አታርሙት፤ በኋላ ከመዛግብቱ አመሳክራችሁ በአቅራቢው ድምፅ ታስተካክሉታላችሁ። «አዎ፣ እሺ» እያላችሁ በድምፅ ከመመለስም ራሳችሁን በመነቅነቅ መልሱ፤ በንግግሩ ላይ የተደረበ ድምፅ በአርትዖት አይወጣም። ስለ ጉዳት፣ ስለ መድልዎ ወይም በአዲስ ተጫዋቾች ላይ ስለሚደርስ ማንገላታት ስትጠይቁ፣ አለመመለስ እንደሚቻል አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በሕይወት ያለ ሦስተኛ ሰው በስም ሲከሰስም ሳታማክሩ አታውጡ። መጨረሻ ላይ «ያልጠየቅናችሁ፣ ግን መጠየቅ የነበረብን ነገር አለ?» በሉ፤ ቀጥሎም ሌላ ማንን ብናነጋግር ይሻላል ብላችሁ ጠይቁ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ቀረጻ

ለንግግር ዳይናሚክ ማይክሮፎን መርጣችሁ ከአፍ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከስንዝር ባልበለጠ ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላችሁ አስቀምጡ። ኮንደንሰር ማይክሮፎን የክፍሉን ማስተጋባትና የአየር ማቀዝቀዣውን ሁሉ ስለሚለቅም ጸጥ ላለ ስቱዲዮ ይሻላል። ከማይክሮፎኑ ጥራት ይልቅ የክፍሉ ሁኔታ ይበልጣል፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና መጻሕፍት ያሉበት ጠባብ ክፍል ባዶ ግድግዳ ካለው አዳራሽ ይመረጣል። ፋይሉን በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ቅዱ፤ የድምፁ ከፍታ ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ባለው መካከል ይሁን። ኢርፎን ሳታደርጉ አትቅረጹ። ከእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ በኋላ ሁሉም ዝም ብለው ተቀምጠው የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ፤ በአርትዖት ጊዜ የተቆረጠውን ቦታ የምትሞሉት በእርሱ ነው።

የስፖርት ፖድካስት የራሱ ድምፆች አሉት፤ በእንጨት ወለል ላይ የሚፏጭ ጫማ፣ የመቅዘፊያ ውኃ ላይ ማረፍ፣ ዝማሬው ከመጀመሩ በፊት ያለው ጫጫታ። እነዚህን ለብቻቸው ቅረጹ፤ ሕዝብ ባለበት የቀረጻውን መጠን ቀንሱ፣ ከቤት ውጪም ለማይክሮፎኑ የንፋስ መከላከያ አልብሱት። በስታዲየም ድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ሙዚቃ ግን ከደጋፊው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይገባና በኋላ የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሣባችኋል፤ ስለዚህ ሙዚቃው በቆመባቸው ጊዜያት ቅረጹ። ማታውኑ ፋይሎቹን በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ገልብጡ፤ ሜሞሪ ካርዱን ከዚያ በፊት አታጽዱ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ስክሪፕት ለጆሮ መጻፍ

አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንድ ቁጥር በላይ አታስገቡ፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከመናገሩ በፊት አስታውቁ፤ ስሙንም ደጋግማችሁ ጥሩ። ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ለዓይን የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ኤፕሪል 4 ቀን 1896 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደውና የመጀመሪያው የኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ግጥሚያ በሆነው፣ በየወገኑ 9 ተጫዋቾች በተሰለፉበትና ወንድ ተመልካቾች ባልተፈቀደላቸው ጨዋታ ስታንፎርድ ካሊፎርኒያን 2 ለ 1 አሸነፈ።» ለጆሮ ሲጻፍ ደግሞ፦ «ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነን፤ ዓመቱ 1896 ነው። ወንድ ተመልካች አይገባም። ሁለት ኮሌጆች ሴት ተማሪዎቻቸውን ለቅርጫት ኳስ ሲያጋጥሙ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስታንፎርድ አሸነፈ። ውጤቱ? 2 ለ 1።» መረጃው ያው ነው፤ አንዳንዱ ዝርዝር ለሚቀጥለው አንቀጽ ተላልፏል፤ አድማጩም «ለምን 2 ለ 1 ብቻ?» ብሎ እንዲጠይቅ ቦታ አግኝቷል።

ስክሪፕቱን ከፍ ባለ ድምፅ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩ፤ ምላስ የሚያደናቅፍበትን ቦታ ሁሉ ለውጡ። ከዚያ አጣሪው እያንዳንዱን ስም፣ ቀንና ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር እያነጻጸረ ምልክት ያድርግበት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ አርትዖት፣ መብትና ማሰራጨት

መጀመሪያ ቃለ መጠይቆቹን ወደ ጽሑፍ ገልብጡና ምርጫውን በወረቀት ላይ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ኦዳሲቲን ወይም የለመዳችሁትን ሌላ የአርትዖት ፕሮግራም ክፈቱ። መደጋገምንና ማመንታትን መቀነስ ይቻላል፤ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ከሌላ ጥያቄ ጋር ማገናኘት ግን የተናጋሪውን አደራ መብላት ነው። የመጨረሻውን ድምፅ ለስቴሪዮ ወደ 16 ኤልዩኤፍኤስ (የአጠቃላይ ድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከዜሮ በታች አድርሱት፤ ጫፉም ከ1 ዴሲቤል ከዜሮ በታች አይለፍ። በስልክ ድምፅ ማጉያም በኢርፎንም ሰምታችሁ አረጋግጡ፤ ማሰራጫውን በኤምፒ3 አውጡ።

ሙዚቃን በተመለከተ ድርሰቱና ቅጂው ሁለት የተለያዩ መብቶች እንዳሉት አትርሱ። የኮሌጁ መዝሙር ግጥምና ዜማ በዕድሜ ብዛት ነፃ ቢሆን እንኳ፣ የሙዚቃ ጓዱ ዘንድሮ ያስቀዳው ቅጂ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የድሮ የሬዲዮ የጨዋታ ዘገባም የአሰራጩን ፈቃድ ይፈልጋል። በጣም ቀላሉ መንገድ የጓዱን አባላት ጠይቃችሁ ዝማሬውን ራሳችሁ መቅረጽ ነው።

ለማሰራጨት የፖድካስት ማስተናገጃ አገልግሎት ላይ ተመዝግባችሁ የአርኤስኤስ አድራሻውን (አዳዲስ ክፍሎችን በራሱ የሚያደርሰውን ሊንክ) ለማዳመጫ መድረኮች ትሰጣላችሁ። የሽፋን ምስሉ 3000 በ3000 ፒክስል ሆኖ በስልክ ላይ በጥፍር መጠን ሲታይም የሚነበብ ይሁን። ከእያንዳንዱ ክፍል ጋር ሙሉ የጽሑፍ ግልባጩን አውጡ፤ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችና የቀድሞ ስፖርተኞች ከዚህ ታሪክ ውጪ እንዳይቀሩ ይህ ግዴታ ነው። ስሕተት ሲገኝ በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ላይ በድምፅ፣ በክፍሉ መግለጫ ላይ ደግሞ በጽሑፍ አስተካክሉ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ቅጂዎቹን ለቤተ መዛግብት ማስረከብ

አብዛኛው የተማሪ ፖድካስት አዘጋጆቹ ሲመረቁ አብሮ ይጠፋል፤ የማስተናገጃው ክፍያ ይቋረጣል፣ ፋይሎቹም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራሉ። የአንድ ሰዓት ተኩል ቃለ መጠይቅ ስትቀርጹ በክፍሉ ውስጥ የገባው ምናልባት ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው ለቀጣዩ ተመራማሪ የማይተካ ምንጭ ነው። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ዌቭ ፋይል፣ የተፈረመውን የፈቃድ ቅጽ፣ የጽሑፍ ግልባጩንና የምንጮቹን ሰንጠረዥ ለኮሌጁ ቤተ መዛግብት አስረክቡ። ፋይሎቹን በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ሰይሙ፤ ቀጥሎ የእንግዳው የቤተሰብ ስምና የስፖርቱ ዓይነት ይግባ። እንግዳው ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይከፈት የጠየቀው ክፍል ካለ በተለየ ፋይል አድርጋችሁ የሚከፈትበትን ቀን በቅጹ ላይ ጻፉ፤ የርክክቡንም ወረቀት ከቤተ መዛግብቱ ኃላፊ ጋር ተፈራርማችሁ አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ፣ አንዱን ደግሞ ለእንግዳው ላኩ።